የእማዬ ግማሽ ራት

ውድ እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ እንዳትከፍቺው። ቤትሽ ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። «ሃሎ፣ እንዴት ዋላችሁ?» ስትዪኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለ ዝናቡ ሁለት ሦስት ነገር አውርቼ እዘጋዋለሁ። በጽሑፍ ከሆነ ግን ድምፅሽን ስለማልሰማ፣ እንደ ምንም ብዬ እጨርሰው ይሆናል።

ላለፉት ሰባት እሁዶች በደወልሽ ቁጥር እማዬ ተኝታለች ብዬሻለሁ። አልተኛችም ነበር። ሁለቱን ጊዜ እንዲያውም አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አንዴ «ማነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ስልኩን በእጄ ሸፍኜ «ከሥራ ቦታ ነው» አልኳት። ያላገናኘኋችሁ እማዬ የሞትሽ ስለሚመስላት ነው። ይህን ያለቻት ጎረቤት አይደለችም፣ በሽታዋም አይደለም። ሞታለች ያልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

እዚህ ላይ ወረቀቱን ጨምድደሽ ብትጥዪው አልፈርድብሽም። ግን አንሺውና ጨርሺው፤ ያልነገርኩሽ ገና አለ፣ የቀረውም ከዚህ ይብሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት እማዬ ሳሙናውን ድስት ውስጥ ከትታ ያገኘናት ቀን የተባባልነውን ታስታውሻለሽ። አንቺ «እኔ ጋ ትምጣ» አልሽ። «የለመደችው ቤት ይሻላታል፣ አንቺ ማስተማርሽን ያዢ» ብዬ ደረቴን የነፋሁት እኔ ነበርኩ። ማተሚያ ቤቱም አላስቸገረኝም፤ ጥረዛ ክፍል ጠዋት ጠዋት ብቻ እንድገባ ፈቀዱልኝ። እኔ መጻሕፍት ስጠርዝ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ጎረቤታችን ከእማዬ ጋር ይቀመጣሉ፤ በምሳ ሰዓት ደርሼ እረከባቸዋለሁ። ቀኑ ደህና ነበር። ጣጣው ራት ነበር።

ቁርሷን ትበላለች። ምሳዋንም እያጉረመረመች ትበላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «ይሄ የማን ቤት ነው? ልሂድ እንጂ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» ብላ ከወንበሯ ትነሳለች። የምስር ሾርባ ሠራሁላት። ድንችና ካሮት ቀቅዬ ፈጨሁላት። ሩዝ በወተት፣ ማካሮኒ በቲማቲም፣ የተጠበሰ ዳቦ በእንቁላል። አንድ ማንኪያ ትቀምስና ከንፈሯን ግጥም ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ብትለምኛት ብትቆጪያት ያው ነው። አንቺ እሁድ እሁድ ትደውዪና «ማታ ማታ ምን እየበላች ነው?» ትዪኛለሽ። ዱባ ሞክሪ፣ ዓሣ እሾሁን ለቅመሽ ሞክሪ፣ ሾርባውን ወፈር አድርጊው። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ልንገርሽ፤ ስልኩን ስዘጋ «ከሩቅ ሆኖ ማብሰልማ ማን ያቅተዋል» እያልኩ ድስት አጋጭ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሰው የሚያስታምሙ ይሰበሰባሉ። ሲስተሯ ስለ መድኃኒት ሰዓት ማስረዳት ትጀምራለች፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ተመልሶ ድስት ውስጥ ይገባል። ማታ ምን ሠራችሁ? ምን በላላችሁ? እኔ ያለ እነዚያ ሰዎች አብድ ነበር። ነጭ ሩዝ በነጭ ሳህን እንዳይቀርብ የተማርኩት እዚያ ነው፤ አይታያቸውም፣ ባዶ ሳህን ይመስላቸዋል። ሰማያዊ ሳህን ገዛሁ። ማንኪያ ግማሽ ድረስ ብቻ እንደሚሞላ፣ ሲበሉ ቴሌቪዥን እንደሚጠፋ፣ «ብዪ ብዪ» ከማለት አብሮ መብላት እንደሚሻል፣ ሁሉንም እዚያ ነው የተማርኩት።

ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ሚስታቸውን ሲያስታምሙ አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ስለ ምንም ብንጀምር መጨረሻው ሾርባ ስለሆነ አባባ ሾርባ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስ ይላቸዋል። አንድ ሐሙስ የእማዬን ነገር ስናገር ሆድ ብሶኝ አለቀስኩ። ሲያበቃ ተከትለውኝ ወጡና ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ።

«የኔዋም ከእኔ እጅ አልበላም ብላ ነበር» አሉኝ። «እናትሽ የላኩልሽ ነው ስላት ትበላለች። እናቷ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ምን ላድርግ ልጄ፣ ሾርባው ይግባላት እንጂ ስሙ የማንም ይሁን።»

በማግስቱ ያቺን ተማሪ ሳለሽ ትይዣት የነበረችውን ምሳ ዕቃ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወረድኳት። ዱባ በእንቁላል ሞላሁባት፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለልኳትና በጓዳ በር ወጣሁ። ቤቱን ዞሬ የፊቱን በር አንኳኳሁ፤ ራሴው ከፍቼ ገባሁ። «እማዬ፣ እቴቴ ራት ልካልሻለች» አልኳት። ጎረቤታችን በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ቁልፍ ጠፍቶብሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እማዬ ግን ፊቷ በራ። ራሷስ የታለች አለችኝ። ሥራ ይዟት ነው፣ ትመጣለች አልኳት። ድሮም ሥራ ትወዳለች አለችና ማንኪያውን በራሷ እጅ አነሳች። ምሳ ዕቃዋን በዳቦ ጠርጋ ነው የጨረሰችው።

ያን ቀን ዕቃ እያጠብኩ በደስታ አልቅሻለሁ። ከዚያ ለአራት ወር ያህል በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የገዛ ቤቴን ስዞር ኖርኩ። ሲዘንብ በጃንጥላ። እማዬም ክብደቷ ተመለሰ፣ ጉንጯ ሞላ ሞላ አለ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በስልክ «ትናንት የላክሽልኝ ዓሣ ጣፈጠኝ» ብላሽ ግራ ሲገባሽ ነገሩን አስረድቼሽ እስክታለቅሺ ሳቅሽ። «እንግዲያውስ ምስጋናውን እኔ ልውሰድ፣ ዕቃውን አንቺ እጠቢ» አልሽኝ። ቀልድ ነበር፤ አብሬሽ ስቄያለሁ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። ደግሜ እላለሁ፣ ጥፋት የለብሽም። እንደ እህት ነው የቀለድሽው።

ምስጋናውማ አያልቅም ነበር። «የሷ እጅ እኮ ይለያል» ትለኛለች እማዬ። «ቅመሽ እስቲ። ጨው ሲመጠን እንዲህ ነው፤ ተማሪ።» የኔው ጨው ነው፣ እቴቴ። የኔው ድስት፣ የኔው የተቃጠለ ጣት። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስም እያስመሰልኩ ተርኬ ሰዉን አስቄበታለሁ። እየቆየ ሲሄድ መሳቁ ቀረ። እማዬ ባንቺ ስም በጎረሰች ቁጥር ቅናት ያንገበግበኝ ጀመር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት የቀረኝ ሴትዮ ነኝ፤ በበሽተኛ ምላስ ተቀየምኩ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ጥረዛ ክፍል የትምህርት ቤት ደብተሮች አጣድፈውን ወረቀት አውራ ጣቴን ሰንጥቆኛል። ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እየሳቁ ነገሩኝ፤ እማዬ ጠዋቱን ሙሉ «ይቺ አብራኝ ያለችው ልጅ ምንም አትሠራ፤ ትልቋ ልጄ ባትልክልኝ በረሃብ አልቄ ነበር» ስትላቸው ነበር። ሊያስቁኝ ብለው ነው። በሽታው እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ ለሌሎች ሰዎችም አስረዳለሁ። ያን ቀን ግን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ዛሬስ አልዞርም አልኩ። ዶሮ ቀቅዬ በደቃቁ በጣጥሼ፣ ድንቹን በቅቤ ፈጭቼ፣ በሰማያዊው ሳህን ፊቷ አቀረብኩ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እማዬ። ቅመሽው» አልኳት።

«አንቺ?» አለችና ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። «ትልቋ የላከችልኝን አምጪ። የት ደበቅሽው?»

«ምንም አልላከችም። ከእንግዲህም አትልክም» አልኳት። «ሞታለች።»

እዚህ ላይ «ከአፌ አመለጠኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ፤ መስመሩ ይታይሻል። አላመለጠኝም። ጥቂት ዝም ብያለሁ፣ ምን ብላት እንደሚያማት ፈልጌያለሁ፣ ያገኘሁትን ነው የተናገርኩት።

አልጮኸችም። መጮኋን ጠብቄ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «መቼ?» አለችኝ። «እኔ ሳልቀብራት?» አለች። ያኔውኑ እግሯ ላይ ወድቄ ዋሽቼሽ ነው ማለት ነበረብኝ። ያላልኩት በአንድ ነገር ስለተማመንኩ ነው፤ እማዬ ቁርስ የበላችውን ለምሳ አታስታውስም። ነገ ይረሳታል አልኩ። በዚህ ተጽናንቼ አስተኛኋት። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያውቅ አስታማሚ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረው ተመልሶ እንደሚይዘው ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል።

ጠዋት ስገባ ጥቁር ሻርፗን ከሣጥን አውጥታ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞን ረስታዋለች፣ ዶሮውን ረስታዋለች፣ የነገርኳት እኔ መሆኔንም ረስታዋለች። አንቺን ግን አልረሳችም። «ሰምተሻል?» አለችኝ። መርዶውን ልትነግረኝ ነበር። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ቀስ አድርጋ፣ እንዳልደነግጥ እየተጠነቀቀች፣ የእህቴን ሞት ነገረችኝ።

አሁን የባሰውን ልጽፍልሽ ነው። በዚያው ጠዋት እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ፀጉሬን ደባብሳ «አንቺ ብቻ ቀረሽኝ» አለች። ማታ ዞሬ ሳልገባ፣ ምሳ ዕቃም ሳልይዝ፣ ድንችና እንቁላል አቀረብኩላት። ማን ሠራው አለችኝ። እኔ አልኳት። እስከ መጨረሻው በላችው። «እጅሽ ይጣፍጣል፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ አንቺ አታውቂም፣ ምክንያቱም አንቺ ሁሌም ተብለሻል። እቴቴ፣ ደስ አለኝ። ያንቺ መርዶ ባለበት ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ አንጎራጎርኩ።

ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። በየማታው ትበላለች፣ በየማታው ታመሰግነኛለች። ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛታለሁ፤ አባብላታለሁ፣ እንባዋን እጠርጋለሁ። ያስለቀስኳት እኔ፣ የማባብላት እኔ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተነሳሁና እናቴ ያለ ምንም ማታለያ ከእጄ መብላት ጀመረች ብዬ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። አንዷ እስክሪብቶ አውጥታ የድንቹን አሠራር ጻፈች። አባባ ሾርባ ምን ዘዴ አገኘሽ ሲሉኝ «ትዕግሥት ነው» አልኳቸው። እንዲያውም ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ በትሕትና ነው የተናገርኩት።

አንቺ ደግሞ እሁድ ትደውያለሽ። ተኝታለች። ደክሟታል። አሁን ገና አሸለበች። ለእረፍት ልመጣ ነው ያልሽኝ ጊዜ ጉንፋን ይዟታል፣ ሲስተሯ እንግዳ ከልክላለች አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረባትም። ሲስተሯም ምንም አላለችም። «እሺ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን፣ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቃት የለም» ብለሽ ሹራብ በአውቶቡስ ላክሽላት። ሹራቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። እንዳታይሽ፣ እንዳታዪያት፣ ሁለታችሁንም ለየብቻ እንደ ዘጋሁባችሁ የገባኝ ያኔ ነው። ግን ያኔም ምንም አላደረግኩም።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እማዬ ሳህኗን መሐል ለመሐል መክፈል ጀመረች። በማንኪያው ጀርባ ሩዙን ለሁለት ትለየውና ግማሹን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ በልቻለሁ፣ ያንቺ ነው ስላት «ብዪ፤ አንቺም እንዳትሄጂብኝ» አለችኝ። ያቺ የሞተችው ልጇ ርቧት የሞተች ይመስላታል። ለእሷ ራት ስትልክ፣ ለራሷ ሳይተርፋት ቀርቶ። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ከእኔ ምሳ ዕቃና ከእኔ ውሸት ራሷ አያይዛ የደረሰችበት ነው። «እኔ በላሁባት» አለችኝ አንድ ቀን ማንኪያዋን እያየች።

እንቢ ስላት ታለቅሳለች፣ የቀረውንም አትነካውም። ስለዚህ እበላለሁ። ብዙ ሰጥቻት ብዙ እንዲደርሳት ሳህኑን ከፍ አድርጌ ብሞላው፣ ትከፍለውና የሚበዛውን ለእኔ ታደርገዋለች። ለእኔም የራሴን ሳህን ባቀርብ፣ ከሷ ሳህን እየዛቀች ትጨምርልኛለች። ጀርባዬን ሳዞር ከአፏ አውጥታ ያስቀመጠችልኝን ሥጋ አግኝቼ አውቃለሁ። ተቀምጣ ታየኛለች፤ እስክውጥ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም። እኔ ወፍሬ ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል። እማዬ እጅጌዋ ውስጥ ክንዷ ጠፍቷል።

ያለፈው ሐሙስ ሲስተሯ መዘነቻት። አምስት ኪሎ ቀንሳለች። ካርዱን አየች፣ እማዬን አየች፣ እኔን አየች። ሐኪሙ መርምሮ አዲስ በሽታ የለም ብሎ ነበርና ቤት ውስጥ ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀችኝ። እማዬን ኮሪደር ላይ ከአባባ ሾርባ ጋር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም፤ መሬቱ ቢሰነጠቅልኝ እገባ ነበር። አልቆጣችኝም። እነሱ ነገሩን ይረሱታል፣ ስሜቱ ግን ይቀራል አለችኝ። ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እህትሽስ ታውቃለች?» አለች። እስክመልስ ጠበቀችኝ። አታውቅም አልኳት።

የዚያኑ ዕለት ለእማዬ ነገርኳት። ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ፣ ሁለት እጆቿን ያዝኩ። «እማዬ፣ እቴቴ አልሞተችም። ዋሽቼሽ ነው። በሕይወት አለች፣ ደህና ናት፣ ታስተምራለች» አልኳት። ፎቶግራፍሽን አሳየኋት፣ ደብዳቤዎችሽን አሳየኋት። ፎቶውን ሳመችው። ከዚያ እኔን ጎትታ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው።

«አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። «እኔንም እንዲህ ያደርገኛል። ጠዋት ስነሳ ያለች ይመስለኛል።»

አንድ አሥር ጊዜ ነገርኳት። አሥር ጊዜ አጽናናችኝ። ስትጨርስ ተነስታ ከራቷ ተርፎ የተቀመጠውን ዳቦ አመጣችልኝ፤ ያዘነ ሰው ባዶ ሆዱን አይደር አለች።

በስልክ ላገናኛችሁ አስቤ ነበር። ሲስተሯ ተይ አለችኝ። የሞተ ሰው ድምፅ በስልክ ቢመጣባት ልትደነግጥ ትችላለች፤ እህትሽ ራሷ በብርሃን ትምጣ፣ «ሞተሽ አልነበር?» ብትላት አትከራከራት፣ ቁጭ ብላ አብራት ትብላ አለች። ታውቂኛለች ወይ ስላት ዋስትና አልሰጠችኝም። አሁን ጊዜ አላት፣ ቆይቶ ግን ላይኖራት ይችላል አለች። አባባ ሾርባም ነገሩን ከእኔው ሰሙ፣ ልነግራቸው ይገባ ነበርና። «እኔ ያሳየሁሽ እንድታበያት ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ድንቹን ለጻፈችው ሴትዮም ነግሬያታለሁ። ወረቀቷን አልቀደደችውም፣ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

እቴቴ፣ ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ይቅርታ ልጠይቅ የምችለው መጀመሪያ ካየሻት በኋላ ነው። ነይ ብቻ ነው የምልሽ። ስትመጪ የምታውቂው ይሁን ብዬ ራቷን ልጻፍልሽ። ሰማያዊው ሳህን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የዳቦውን ቅርፊት አንሺላት። ምስሩን አጥሪው፣ ወፈር ይበል፣ ቀጭን ሲሆን ትን ይላታል። ዱባውን በሹካ ድፍጥጥ አድርጊው። በቀኟ በኩል ተቀመጪ፣ ግራ ዓይኗ ደክሟል። ጨው አትፍሪ፣ ሐኪሙ አልከለከላትም። አታጣድፊያት። አንቺ ቀድመሽ ጉረሺ፤ ስትበዪ ካየች ምናልባት ርቧት የሞተች ልጅ እንደሌለች ሆዷ ያምን ይሆናል፣ አእምሮዋ እንኳ ባያምን።

እኔን ማየት ካልፈለግሽ ንገሪኝ። ጎረቤታችን ቤት እሆናለሁ፣ ወይም ጥረዛ ክፍል ሙሉ ቀን እገባለሁ። ከነጭራሹ ከቤቱ ውጪ ብትዪኝም እወጣለሁ፣ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ፣ የምትመጪበትን ቀን ለጎረቤታችን ደውለሽ ንገሪያቸው፤ እማዬ ታጥባ፣ ጥቁሩ ሻርፕ ወልቆላት፣ በብርሃን ትጠብቅሽ። እሁድ ከደወልሽ ደግሞ ተኝታለች አልልሽም። ተቀምጣለች እልሻለሁ፣ ምን እየሠራች እንደሆነም እነግርሻለሁ።

አሁን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ምስሩ በርዶ ልክ ሆኗል፣ ሳህኑን ይዤ ልገባላት ነው። መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ትለየዋለች፣ የሚበዛውን ወደ እኔ ትገፋዋለች፣ እስክውጥ ታየኛለች። ዛሬም እበላዋለሁ፤ ነገም፣ አንቺ እስክትደርሺ ድረስ በየማታው እበላዋለሁ። ፈጠን በዪ።

ታናሽሽ